ለኩንቾ የሚነገረው ውጤት

የሊቫዳ ቡድን በትልቁ ሊግ የተጫወተው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ስለዚያ ዘመን ከተማችን ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ የየራሱን ይነግራችኋል። አንዱ የዳኞቹን በደል ያነሣል። ሌላው ከዋና ከተማው የመጡት ደጋፊዎች መኪና ማቆሚያ አጥተው በርበሬ ማሳ ውስጥ ገብተው፣ ዝናቡ ሲመጣ ጎማቸው እስከ ግማሹ የሰመጠበትን ቀን እያሳቀ ያወራላችኋል። በትራክተር ያወጣቸው የማሳው ባለቤት ነበር፤ ሦስት ለባዶ አሸንፈውን ስለነበር ግን ትራክተሩን ለማስነሣት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። እኔ ዘመኑን የማስታውሰው በእትዬ ዳፊና ነው።

እትዬ ዳፊና የኳስ ሰው አልነበሩም። ባላቸው ጋሼ ኩንቾ ደግሞ ከኳስ ሌላ ምንም አልነበሩም ማለት ይቻላል። በእርግጥ ፋብሪካችን ውስጥ የበርበሬ ጠርሙስ የሚከድነው ማሽን ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ቆመው ሠርተዋል፤ ሁለት ሴት ልጆች አሳድገው ድረዋል። ይህ ሁሉ ግን በጨዋታና በጨዋታ መካከል የተደረገ ነው። ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ የ"በርበሬዎቹ" ደጋፊ ነበሩ። ቡድናችንን እንዲያ የምንለው በማሊያው አረንጓዴና ቀይ ነው፤ ደግሞም ከበርበሬ ሌላ የምንታወቅበት የለንም። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ቡድኑ በታችኞቹ ሊጎች ሲንከባለል፣ እሳቸው በዝናብም በበረዶም ሰባተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ኖሩ። ከጎናቸው ያለው ወንበር የእኔ ስለሆነ አውቃለሁ።

ቡድኑ ሲያድግ ጋሼ ኩንቾ የዓመት መግቢያ ካርድ ሁለት ገዙ። አንዱን ለእትዬ ዳፊና ሰጡ።

"አርባኛ የጋብቻ ዓመታችን አይደል? ስጦታ ነው" አሏቸው።

"እኔ የጠየቅሁህ ድስት ነው" አሉ እትዬ ዳፊና።

"ድስት የትም አለ። ትልቁ ሊግ ግን..."

"ትልቁ ሊግ ባቄላ አያበስልም።"

እትዬ ዳፊና አልመጡም። ነሐሴንና መስከረምን፣ ጥቅምትንም ያ ወንበር ባዶውን ቆየ። ጋሼ ኩንቾ ቆባቸውን ያስቀምጡበትና "የማን ነው?" ብሎ ለጠየቀ ሁሉ "የባለቤቴ ነው፤ መንገድ ላይ ናት" ይላሉ። ከጨዋታው በኋላ ቤት ይገቡና፣ እትዬ ዳፊና ለብርዱ ወራት ስንቅ የሚሆነውን በርበሬ እየጠበሱ ሲልጡ፣ እሳቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለው ዘጠናውን ደቂቃ ከፉጨት እስከ ፉጨት ያወራሉ። ማን ለማን አቀበለ፣ ማን ሳተ፣ ዳኛው የማን ዘመድ ነው። እትዬ ዳፊና "እህ" ይላሉ። በርበሬውን ይገለብጡና ደግሞ "እህ"። አርባ ዓመት እንደዚያ ነበር።

በኅዳር ጋሼ ኩንቾን ልባቸው ጣላቸው። ወደ አውራጃው ሆስፒታል ተወሰዱ። አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ እኛም ሜዳችን ላይ ጨዋታ ነበረን። አመሻሹ ላይ እትዬ ዳፊና ሾርባ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ተራ ሲጠብቁ ሬዲዮ የያዘ አንድ በሽተኛ አገኙ።

"ሊቫዳ ምን ሆነ፣ ልጄ?" ብለው ጠየቁት። በሕይወታቸው ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነው።

"ኧረ ተይው እናቴ፤ አራት ለባዶ ተገርፈዋል" አላቸው።

ገቡ። ጋሼ ኩንቾ ዐይናቸውን ገልጠው አዩአቸው።

"ምን ሆኑ?" አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ዳፊና ሾርባውን አስቀመጡ። "አሸነፉ" አሉ። ከዚያ፣ 'አሸነፉ' ብቻውን ለእሳቸው እንደማይበቃ ትዝ አላቸውና የመጀመሪያ የመጣላቸውን ቁጥር ጨመሩበት። "ሁለት ለአንድ።"

ጋሼ ኩንቾ ፈገግ አሉ። "ሁለት ለአንድ። ጥሩ ነው፣ ዳፊንካ። ሁለት ለአንድ ጥሩ ውጤት ነው።" ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሾርባው ሳይቀዘቅዝ አረፉ። ነፍስ ይማር።

በእኛ አገር ሙት ወሬ አይነፈገውም። ሴቶቻችን በየቅዳሜው ጧፍና ወይን ይዘው ወደ መቃብር ይወጣሉ፤ አፈሩ ላይ ትንሽ ወይን ጠብ ያደርጉና የሳምንቱን ይነግሩታል። የልጅ ልጅ ጥርስ አወጣች፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ የማዶዋ ጎረቤት እንደገና አገባች። የጋሼ ኩንቾ መቃብር የተቆፈረው ከዲሞ አጠገብ ነው። ዲሞ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከጋሼ ኩንቾ ጋር በኳስ ሲጨቃጨቅ የኖረ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተ ወዳጃቸው ነው። ሚስቱ እትዬ ጊና በየሳምንቱ የስፖርት ጋዜጣ ይዛ ትወጣና ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ታነብለታለች። ጊናን አንቱ ያልኩ እንደሆነ ስለምትቆጣ ነው በአንቺ የምጠራት።

ቀብሩ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት ጊና ጋዜጣዋን አጥፋ ልትነሣ ስትል የእትዬ ዳፊናን ድምፅ ሰማች።

"...አሁንም አሸንፈናል፤ ሁለት ለአንድ። ሦስተኛ ነን ይላሉ።"

"አንቺ!" አለች ጊና። "ምንድን ነው የምትዪው?"

"ጊና፣ አንቺ የራስሽን ሙት አጫውቺ።"

"የእኔማ ሦስት ለባዶ መሸነፋችንን አሁን ሰምቶ ነው የተኛው። የአንቺው ደግሞ አሸነፍን ሊለው ነው። ክንዳቸው ተነካክቶ የተኙ ሰዎች! እኛ ገና ከበሩ ሳንወጣ ይደባደባሉ።"

"በቁማቸውም ሲደባደቡ ነው የኖሩት።"

"ያኔ በሐቅ ነበራ!"

እትዬ ዳፊና አፈሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና የሆስፒታሉን ነገር ነገሯት። "አርባ ዓመት አንድ ቀን ዋሽቼው አላውቅም" አሉ። "እናቱ የሰጠችንን ሳህን ስሰብር እንኳ፣ ስብርባሪውን በእጄ ይዤ ነው በር ላይ የጠበቅሁት። መጨረሻ ላይ ግን በውሸት ሸኘሁት። አሁን በየትኛው አፌ ልመልሰው? 'የመጨረሻ የሰማኸው ነገር ውሸት ነው' ይባላል?"

ጊና የተረፈውን ወይን ለሁለቱም መቃብር እኩል አፈሰሰች። ከዚያ፣ "መንፈቁ እስኪደርስ ጊዜ አለሽ" አለቻቸው። ከመንፈቁ በኋላ ሙት ራቅ ይላል፣ እንደ በፊቱ አይሰማም ይላሉ አሮጊቶቻችን። "እስከዚያ ወይ እውነቱን ትነግሪዋለሽ፣ ወይ ይሄ ገልቱ ቡድን አንድ ቀን ያሸንፍልሻል።"

መንፈቁ ግንቦት ላይ ነበር። ሊጉ የሚያልቀውም ግንቦት ላይ ነው።

በበረዶው ወራት ሊጉ ሲቋረጥ እትዬ ዳፊና እፎይ አሉ። አርባውን ያወጡት ጨዋታ በሌለበት ወቅት ነውና የሚዋሽ አልነበረም። በየካቲት መጨረሻ ውድድሩ ሲመለስ ግን፣ በመጀመሪያው የሜዳችን ጨዋታ ከወንበሬ ላይ ሆኜ ቀና ስል እትዬ ዳፊና ደረጃውን እየቆጠሩ ሲወርዱ አየሁ። ትራስ ይዘዋል፣ ፔርሙስ ይዘዋል፣ የጋሼ ኩንቾን አረንጓዴና ቀይ ሻርብ እንደ ነጠላ አጣፍተውታል።

"መምህር፣ የእኔ የቱ ነው?" አሉኝ። ከተማችን ውስጥ ጂኦግራፊ ስለማስተምር ሁሉም መምህር ነው የሚለኝ።

አሳየኋቸው። ከጋሼ ኩንቾ ወንበር ማዶ ያለው ነው። ማንም ተቀምጦበት ስለማያውቅ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። ትራሳቸውን አነጠፉ፣ ከቦርሳቸው የጋሼ ኩንቾን ቆብ አወጡና በመካከላችን ባለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ከፊታቸው ያለውን ሰውዬ ትከሻውን መታ አደረጉት።

"አንተ፣ ያንን የሱፍ ቅርፊት የምትተፋው ቤትህም ነው?"

ሰውዬው ዞሮ አያቸው፣ ቆቡን አየ፣ "ይቅርታ እትዬ" ብሎ ቅርፊቱን ኪሱ ውስጥ መክተት ጀመረ። ሚያዝያ ሲደርስ ግን ራሳቸው እትዬ ዳፊና ከሁላችንም በላይ ራቅ አድርገው ይተፉ ነበር።

ሁሉን ነገር ይጠይቃሉ። "ያ ሰውዬ ባንዲራውን ለምን አነሣ? ማን አስቀየመው?"

ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ነገር ላስረዳቸው ሞከርሁ። ተከላካዩን በአንድ እጄ፣ አጥቂውን በሌላው አድርጌ ብዙ ደከምሁ። እሳቸው ግንባራቸውን ቋጥረው ሰሙኝና፣ "ገባኝ" አሉ። "ዳቦ ቤት ሰልፍ አለ፤ አንዱ ዳቦው ሳይወጣ ቀድሞ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ዳቦው ሲወጣ 'እኔ ነኝ የመጀመሪያ' ይላል። ነውር ነው። ባንዲራው ትክክል ነው።" እኔ ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የማስረዳው በእሳቸው ነው።

ያን ቀን አንድ ለባዶ ተሸነፍን። እንግዶቹ ያገቡት ጎል ግን ያምር ነበር፤ ከሩቅ የተመታ፣ ተጣሞ የገባ። እትዬ ዳፊና ወደ እኔ ዞር አሉ።

"መምህር፣ ይቺን ጎል እኛ ብናገባት ኖሮ ማን ነበር የሚያገባት?"

"እኛ?" አልኩ። "ከዚያ ርቀት... ካሊን ነው የሚሆነው። አጥቂያችን፣ ያ ረጅሙ።"

"በየትኛው እግሩ?"

"በግራ።"

"በግራ" ብለው ለራሳቸው ደገሙት። "በረኛውስ? ወድቆ ነው ቆሞ?"

መለስሁላቸው። እንግዳ ጥያቄ ነው ብዬ አለፍሁት። በቀጣዩ ሳምንት ግን እንዲሁ፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። የሌላውን ቡድን ጎል ሁሉ እየጠየቁ ለእኛ ልጆች ያከፋፍሉታል። መጋቢት ላይ ጊናን ገበያ አግኝቼ ይህን ብነግራት ቲማቲም እንደያዘች በሳቅ ሞተች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ነገሩን ሁሉ፣ ሆስፒታሉንም ሾርባውንም ዘርዝራ ነገረችኝ።

"ስታዲየም የመጣችው ለዚህ ነው" አለች። "ኩንቾ ውጤቱን ብቻ ሰምቶ የሚተው ሰው አይደለም። 'ማን አገባ? እንዴት አገባ?' ይላል። ውሸቷ ባዶ ሆነባት። አሁን በየሳምንቱ ሜዳ ላይ ታያለች፣ መቃብሩ ላይ ትገለብጥለታለች። በሜዳችን ስንጫወት ጩኸቱ እስከ መቃብሩ ይሰማል አይደል? ዝም ያለ ቀን 'ንፋሱ በዚያ በኩል ስለነበረ ነው' ትለዋለች። በዚህ አያያዟ ሻምፒዮን ልታደርገው ነው፤ ዋንጫውን ከየት እንደምታመጣለት እንጃ!"

እኔ መሳቅ አልቻልሁም። ጊና የማታውቀውን አንድ ነገር አውቅ ነበር።

ያን የኅዳር ቅዳሜ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሆስፒታል ለጋሼ ኩንቾ ደውዬላቸው ነበር። ሳይመጡ በቀሩ ቁጥር የምናደርገው ነው። ሦስት ለባዶ ተመርተን ነበርና እንዴት እንደምነግራቸው ስንተባተብ፣ "በል አትቀባባው" አሉኝ። ነገርኋቸው። "ስልኩን ወደ ሜዳው አዙርልኝ" አሉ። አዞርሁላቸው። ሕዝቡ ያፏጫል፣ አንዱ የአሠልጣኙን እናት ያነሣል። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ "አይዞህ፣ ገና ግማሽ አለ" ብለው ዘጉት። የታመሙት እሳቸው ናቸው፤ አይዞህ የተባልሁት እኔ።

እንግዲህ ጋሼ ኩንቾ ሚስታቸውን "ምን ሆኑ?" ብለው ሲጠይቁ ሦስት ለባዶውን ያውቁ ነበር። ሁለት ለአንድ አሸነፉ የሚለውን ሲሰሙም ያውቁ ነበር።

ይህን ለእትዬ ዳፊና ልነግራቸው ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። አንዴ የሱፍ ፍሬ አፈሱልኝና ተውሁት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጎል ገባ፤ የእኛ ጎል ነበር፤ እትዬ ዳፊና ዘለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። እውነቱን ለመናገር ግን የከለከለኝ ጎሉም ፍሬውም አይደለም። ሰው ለሚወደው የመጨረሻ ያለውን ሰጥቶ ሲያበቃ፣ 'እሱ እኮ ይህ ነገር ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር' ብሎ መንገር ይከብዳል። በዚያ ላይ እሳቸው በገዛ አፋቸው ሊናገሩት የሚታገሉትን ነገር ቀድሜ መንጠቅ መሰለኝ።

ሚያዝያ ላይ ቡድናችን ምን እንደነካው እንጃ ነፍስ ዘራ። ካሊን በተከታታይ አራት ጨዋታ አገባ። ከመጨረሻው ደረጃ ተነሥተን መውረድና አለመውረድ የሚለይበት ጠርዝ ላይ ደረስን። እትዬ ዳፊና ያን ጊዜ ከማንም የባሱ ደጋፊ ሆነዋል። ዳኛውን "አንተ፣ መነጽርህን እናትህ ጋ ረሳኸው!" ይሉታል። መቃብር ላይ ግን ተቸገሩ። እውነተኛ ድል ይዘው ሲወጡ፣ በእሳቸው ሠንጠረዥ ቡድኑ ዱሮውንም ሁለተኛ ነውና፣ ድሉ ለጋሼ ኩንቾ ምንም አይጨምርላቸውም።

"ከወራጅ ቀጠና ለመውጣት እንዴት እንደምንታገል ቢያይ እኮ በደስታ ይሞት ነበር" አሉኝ አንድ ቀን። ወዲያው ያሉት ነገር ገባቸውና አፋቸውን በሻርቡ ሸፈኑ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሳቸው ሲስቁ እንባቸው መጣ። "ይህን ሁሉ ደስታ ነፈግሁት፣ መምህር። ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ቡድን ሰጠሁት። ኩንቾ የሚያሸንፍ ቡድን ቢፈልግ ኖሮ የዋና ከተማውን አይደግፍም ነበር?"

ምን ማለትዎ ነው ብዬ ስላልጠየቅሁ ነገሩን እንደማውቅ ያን ቀን አወቁ። ጊና እንደነገረችኝም አወቁ፤ "አፏ እንደ በር ነው" አሉ።

መንፈቁ እሁድ ላይ ዋለ። የሙት ቀን ይቀደማል እንጂ አይዘገይም፣ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ተቆረጠ። የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታም ያንኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በሜዳችን። በልማዳችን የጋሼ ኩንቾ ፎቶ ያለበት የመታሰቢያ ወረቀት በቤታቸው በር፣ በፋብሪካው አጥርና በስታዲየሙ መግቢያ ላይ ተለጠፈ። በስታዲየሙ በር ላይ ከጨዋታው ማስታወቂያ ጋር ጎን ለጎን ሆኑ።

ጠዋት መቃብሩ ላይ ተሰበሰብን። ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ በየእጃችን ታደለ፣ ወይኑ ፈሰሰ፣ ጧፉ በራ። አብዛኛው ሰው ከጥቁር ኮቱ ሥር አረንጓዴና ቀይ ለብሷል። ቄሱም የዓመት ካርድ ስላላቸው ጸሎቱ አልረዘመም። እትዬ ዳፊና ሰው ሁሉ እስኪበተን ቆሙ። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብለው ከድንጋዩ ላይ ቅጠል አነሡና "ከጨዋታው በኋላ እመለሳለሁ" ብቻ አሉት።

ለመትረፍ ሁለት ነገር ያስፈልገን ነበር። እኛ ማሸነፍ አለብን፤ በአንድ ነጥብ የሚቀድመን ቡድን ደግሞ ሌላ ከተማ በዚያው ሰዓት ከሚያደርገው ጨዋታ ማሸነፍ የለበትም። በግንቦት ዛፎቻችን ነጭ ጥጥ ይበትናሉና ሜዳው በረዶ የጣለበት ይመስል ነበር። ጨዋታው ገና ከመጀመሩ ጎል ገባብን። እትዬ ዳፊና ቆቡን ከወንበሩ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ ያዙት። ከእረፍት በኋላ ካሊን ከሩቅ መታት፤ ተጣማ ገባች። በግራ እግሩ ነው።

እትዬ ዳፊና ክንዴን ያዙኝ። "መምህር፣ ይቺን ጎል... የካቲት ላይ ነግሬዋለሁ" አሉ። "ይቺኑ ራሷን!"

አሥር ደቂቃ ሲቀር ከማዕዘን የተሻገረችውን ተከላካያችን በጭንቅላቱ አስገባት። ሁለት ለአንድ። ስታዲየሙ ተናወጠ፤ ከጎሉ ጀርባ የሚያልፈው ባቡር እንኳ ጥሩምባውን ለቀቀው። በሌላው ሜዳ አሁንም ባዶ ለባዶ ነው። በላይኛው ረድፍ የተቀመጠ ሬዲዮ የያዘ ሽማግሌ ነበር፤ ሁላችንም አንድ ዐይናችን ሜዳው ላይ፣ አንዱ እሱ ላይ ነው። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ሽማግሌው ሬዲዮውን ከጆሮው አወረደና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ዝምታው ከእሱ ተነሥቶ ረድፍ በረድፍ ወደ ታች ወረደ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ዳኛው ገና አልነፋም ነበር።

ከተነፋ በኋላም እትዬ ዳፊና ተቀምጠው ቀሩ።

"ስንት ለስንት ነው?" አሉኝ።

"ሁለት ለአንድ።"

"አሸነፍን?"

"አሸነፍን።"

"ወረድን?"

"ወረድን፣ እትዬ።"

ጊና ከታችኛው ረድፍ ፊቷ በእንባ ርሶ ወጣች። "ዳፊና!" አለች። "እግዜር ራሱ አወጣሽ። ሁለት ለአንድ! ያልሽው ውጤት መጣልሽ። ሂጂና 'ሁለት ለአንድ አሸነፍን' በዪው። ቅንጣት ውሸት የለበትም። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነው፤ ሰውየውም በሰላም ይረፍ፣ አንቺም ረፊ።"

እትዬ ዳፊና ቆቡን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ተነሡ።

መውጫው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወጣቶቹ፣ ቀድመው አሳትመውት ኖሮ፣ ዙሪያው ጥቁር የሆነ የሙት ማስታወቂያ ከጋሼ ኩንቾ ወረቀት አጠገብ ለጥፈዋል። "ከአጭር ሕመም በኋላ ከትልቁ ሊግ የተለዩን ውድ በርበሬዎቻችን" ይላል። ሰው በእንባ መካከል ይስቃል። እትዬ ዳፊና ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ከጥጉ ያዙና ከላይ እስከ ታች ላጡት።

"እትዬ ዳፊና፣ ለቀልድ እኮ ነው" አለ አንዱ ወጣት።

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አሉት። ወረቀቱን አራት አጥፈው መለሱለት። "ሞት ግን እኔ ቤት ገብቷልና ለይቼ አውቀዋለሁ። ይሄ መውረድ ነው። የወረደ ሐምሌ ላይ ተመልሶ ይጫወታል።"

ሦስታችን ወደ መቃብሩ ወጣን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ጧፉ ጠዋት በበራበት ቦታ ሰሙ ቀልጦ ቀርቷል። እኔ ልርቅ ስል፣ "ቁም፣ መምህር። የተሳሳትሁት ካለ ታርመኛለህ" አሉ። ከዚያ በጋሼ ኩንቾ ራስጌ ተቀመጡ።

"ኩንቾ" አሉ። "ዛሬ አሸንፈናል። ሁለት ለአንድ።"

ጊና ክንዴን ጨበጠች። እትዬ ዳፊና ድንጋዩን በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ይሄኛው እውነት ነው። ያኛው ግን እውነት አልነበረም። ያን ቀን ሆስፒታል አራት ለባዶ ነበር። አራት ለባዶ፣ ኩንቾ። ደክመህ ነበር፤ አልቻልሁም። ከዚያ በኋላ ያለውም እንዲሁ ነው። ዲሞን ጠይቀው፣ እሱ ትክክለኛውን ያውቃል። ሁለተኛ አልነበርንም፤ ሁለተኛ ሆነን አናውቅም። የካቲት ላይ ካሊን አገባ ያልሁህ በእኛ ላይ የገባች ናት። ዛሬ ግን አግብቷታል፣ እንደዚያችው አድርጎ፣ በግራው። ኩንቾ... ወርደናል። በአንድ ነጥብ ነው የወረድነው። ሚያዝያን ብታይ ኖሮ ግን! ከታች ተነሥተን..." እያሉ ከሚያዝያ ጀመሩ። ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ማን እንደሳተ፣ ዳኛው የማን ዘመድ እንደሆነ። አንዲት ጨዋታ ላይ ብቻ አረምኋቸው፤ የገባችው በቅጣት ምት መሆኑን ረስተው ነው። ጊና አልፎ አልፎ ወደ ዲሞ ድንጋይ ዞር እያለች "አላልሁህም?" ትለዋለች።

ሲጨርሱ ትከሻቸው ወረደ። ያኔ ነው የተናገርሁት።

"እትዬ ዳፊና፣ እኔም የምነግርዎት አለ። ጋሼ ኩንቾ ያውቁ ነበር። በእረፍት ሰዓት ደውዬላቸው ነበር። ሦስት ለባዶ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"እኔ ሳልገባ በፊት?"

"ከመግባትዎ በፊት። ስልኩን ወደ ሜዳው አዙርልኝ ብለውኝ ፉጨቱን ሁሉ ሰምተዋል።"

ወደ ድንጋዩ ዞሩ። በላዩ በተለጠፈው ፎቶ ጋሼ ኩንቾ ሻርባቸውን እንዳጣፉ ፈገግ ብለዋል። እትዬ ዳፊና ቦርሳቸውን አንሥተው ድንጋዩን በሙሉ ኃይላቸው አንድ ጊዜ መቱት።

"አንተ ሌባ!" አሉ። "ስድስት ወር! ስድስት ወር ሙሉ ተኝተህ ስታዳምጠኝ! ንፋሱ በዚያ በኩል ነው ስልህ!" እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አልቻልሁም። "ታዲያ ካወቀ ለምን ጠየቀኝ?"

ጊና አጠገባቸው ተቀመጠችና ከቦርሳቸው የወጣውን ቆብ ከመሬት አንሥታ አፈሩን አራገፈችው።

"አርባ ዓመት እሱ ሲያወራ አንቺ 'እህ' ነበር የምትዪው" አለች። "አንድ ቀን እንኳ አንቺ ስለ ኳስ ስታወሪ ልስማ ብሎ ነዋ። ሌላ ምን ይሆናል?"

እትዬ ዳፊና ቆቡን ተቀበሏትና ድንጋዩ ጫፍ ላይ ሰቀሉት። የሱፍ ፍሬ ከኪሳቸው አውጥተው ለእያንዳንዳችን አፈሱልን። ከታች ከስታዲየሙ የልጆቹ መዝሙር እየራቀ ይሰማል። ለመሄድ ስንነሣ፣ "እናንተ ቅደሙ" አሉን።

በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል እትዬ ዳፊና እንደተቀመጡ ናቸው። ራሳቸውን ወደ ድንጋዩ ዘንበል አድርገው ፍሬ ይፈለፍላሉ። ጥቂት ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው "እህ" ይላሉ። ቅርፊቱን ይተፉና፣ ደግሞ "እህ"።